ከጉልበት በላይ እግሩ የተቆረጠ ሰው በሰው ሰራሽ ጉልበት ደረጃንና ተዳፋትን እንዴት ይሄዳል? ዝርዝር መመሪያ

ከጉልበት በላይ እግሩን ያጣ ሰው በሜዳ ላይ ደህና አድርጎ መራመድ ከጀመረ በኋላ እንኳ የመጀመሪያው ደረጃ ፊት ሲደርስ ይፈራል፤ ፍርሃቱም በቂ ምክንያት አለው። በተስተካከለ መሬት ላይ ሰው ሰራሹ እግር ተረከዙ መሬት ሲነካ ጉልበቱ ተዘርግቶ ከቆመ ሰውነት በላዩ ያልፋል፤ ጉልበቱ የሚታጠፈውም ክብደት ከላዩ ሊነሳ ሲል፣ እግሩ ወደ ፊት ለመወንጨፍ በሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። ደረጃና ተዳፋት ይህን ሥርዓት ያፈርሱታል። ደረጃ የሚወርድ ሰው ሙሉ ክብደቱን በአንድ ጉልበት ላይ ጥሎ፣ ያንኑ ጉልበት ቀስ እያለ እያጠፈ ራሱን ወደ ታች ያደርሳል። የሚወጣው ደግሞ በጣም የታጠፈ ጉልበት በጭኑ የፊት ጡንቻ ዘርግቶ መላ ሰውነቱን ያነሳል። እግሩ ከጉልበት በላይ ሲቆረጥ ይህ ጡንቻ ከጉልበት በታች የሚይዘውን አጥንት ስለሚያጣ፣ ማውረዱም ማንሳቱም አብረው ይቀራሉ።

ሰው ሰራሽ ጉልበት ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች የቱን እንደሚመልስ ማወቅ የመመሪያው ሁሉ መሠረት ነው። ከጥቂት ሞተር ካላቸው ዓይነቶች በቀር ሰው ሰራሽ ጉልበት ፍሬን እንጂ ሞተር አይደለም። በደንብ የተሠራ ጉልበት ሰውን ደረጃና ቁልቁለት ያወርዳል፤ ማውጣቱ ግን በጤነኛው እግር፣ በዳሌ ጡንቻና በክንድ ላይ ይወድቃል። ብዙ ተለማማጆች ጉልበቱ እንዲያወጣቸው ጠብቀው ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ለመውረድ ግን ክብደታቸውን ሊጥሉበት አይደፍሩም። ልምምዱ መጀመር ያለበት ይህን አስተሳሰብ በመገልበጥ ነው።

በመጀመሪያ ጉልበትዎን ይወቁ

ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት የሰው ሰራሽ አካል ባለሙያዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ጉልበቱ ታጥፎ ሳለ ክብደቴን ብጥልበት ምን ያደርጋል?» መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ይከዳዎታል፣ ወይ እየያዘ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፣ ወይም ደግሞ በጭራሽ አይታጠፍም። የቀሩት የመመሪያው ክፍሎች ሁሉ በዚህ መልስ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የማይታጠፈው ቁልፍ ያለው ጉልበት ነው። ሲራመዱ ተቆልፎ ቀጥ ይላል፤ ሲቀመጡ ቁልፉን በእጅዎ ይፈቱታል። አቅማቸው ለደከመ ሰዎች አስተማማኝ ነው፤ በደረጃ ላይ ግን እንደ አንድ ቀጥ ያለ ምሰሶ ብቻ ያገለግላል። ከሚከዱት መካከል ቀላሉ በአንድ ዘንግ ላይ የሚዞረው ጉልበት ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት የሚጨብጥ ፍሬን የተጨመረለት ዓይነትም አለ፣ ነገር ግን ይህ ፍሬን የሚይዘው ጉልበቱ ቀጥ ሲል ወይም በጥቂቱ ብቻ ሲታጠፍ ነው። በአራት ዘንጎች የሚዞረው ጉልበት ሲዘረጋ በጣም የተረጋጋ ነው፤ ሲታጠፍ ደግሞ እግሩን ትንሽ ስለሚያሳጥረው የጫማው አፍንጫ መሬት እንዳይመታ ይረዳል፣ ይህም ዳገት ላይ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን፣ ካልተጨመረለት ታጥፎ ክብደት አይሸከምም።

እየያዙ የሚታጠፉት ሃይድሮሊክ ያላቸው ናቸው። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚዘገይ ጉልበቱ በክብደት ስር ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሃንስ ማውክ የፈለሰፈው የሃይድሮሊክ ጉልበት ይህን ያለ ምንም ኤሌክትሮኒክስ ያከናውን ነበር፤ ፍሬኑ ሁልጊዜ እንደያዘ ይቆይና የሚለቀው ተራማጁ በጫማው የፊት ክፍል ላይ ተደግፎ ጉልበቱን ወደ ኋላ አጥብቆ ሲዘረጋው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የጀርመኑ ኦቶ ቦክ ኩባንያ ያቀረበው ሲ-ሌግ ይህን ውሳኔ ለማይክሮፕሮሰሰር፣ ማለትም በጉልበቱ ውስጥ ላለ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሰጠው፤ የመጀመሪያው ሞዴል የጉልበቱን ማዕዘንና የተጫነውን ክብደት በሴንሰሮች በሰከንድ 50 ጊዜ እየለካ የፍሬኑን ጥብቀት በዚያው ቅጽበት ይለውጥ ነበር። የአይስላንዱ ኦሱር ኩባንያ የሠራው ሪዮ ኒ ደግሞ በመግነጢስ ኃይል ጠጣርነቱ የሚለዋወጥ ፈሳሽ ይጠቀማል። የዚሁ ኩባንያ ፓወር ኒ የተባለው ጉልበት ከሁሉም የሚለየው ሞተር ስላለው ነው፤ እሱ በእርግጥም ያነሳል።

ከደረጃው በፊት መስተካከል ያለባቸው

የቀረውን ጭን የሚይዘው ሶኬት ከላላ፣ ጭኑ የሚሰጠው ትእዛዝ ወደ ጉልበቱ ዘግይቶ ይደርሳል። በሜዳ ላይ ትንሽ የሚመስለው መንሸራተት በደረጃ ጠርዝ ላይ ጫማውን ካሰቡበት ቦታ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ያርቀዋል። የቀረው ጭን በቀን ውስጥ ሊጎድልና ሊሞላ ስለሚችል፣ ለልምምድ ከመነሳትዎ በፊት ሶኬቱ በደንብ መያዙን ይፈትሹ፤ በቀረው ጭን ላይ የሚለበስ ካልሲ የሚያስፈልገው ዓይነት ከሆነ ካልሲውን ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ።

ስለ ጫማ ተረከዝ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ መውደቅ ከዚህ ይመጣልና። ባለሙያው እግርዎን ያስተካከለው በአንድ የተወሰነ የተረከዝ ከፍታ ነው። ከዚያ ከፍ ያለ ተረከዝ ያለው ጫማ ቢያደርጉ ቅልጥሙ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ጉልበቱም ከክብደትዎ መስመር ፊት ይወጣል፣ ስለዚህ ለመክዳት ዝግጁ ይሆናል። ዝቅ ያለ ተረከዝ ቢያደርጉ ደግሞ ጉልበቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ይጠብቃል፤ አይከዳም፣ ነገር ግን ዳገት ሲወጡ ግድግዳ የሚገፉ ያህል ይከብድዎታል። ልምምዱን ሁልጊዜ በአንድ ጫማ ያድርጉ። ጫማ ከቀየሩ ደግሞ ባለሙያው ልኩን አይቶ ሳያስተካክልልዎ ደረጃ አይሞክሩ።

የመጨረሻው ዝግጅት የዳሌ ነው። ለረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰው የዳሌው የፊት ጡንቻ ያጥርና ጭኑ ወደ ኋላ አልዘረጋ ይላል። ጭኑን ወደ ኋላ መግፋት ያልቻለ ሰው ደግሞ ሰው ሰራሽ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይሳነዋል። ስለዚህ ሐኪምዎ ካልከለከለዎ በቀን ጥቂት ጊዜ በሆድዎ ተኝተው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ይቆዩ፤ ሲተኙም ከቀረው ጭን ስር ትራስ አያድርጉ። በሆድዎ እንደተኙ የቀረውን ጭን ከመኝታው ከፍ ማድረግና ቀስ ብሎ መመለስ መቀመጫን ያጠነክራል፤ ለደረጃም ሆነ ለተዳፋት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም አንድ እንቅስቃሴ አላውቅም።

ለሁሉም ዓይነት ጉልበት የሚሠራው አካሄድ፦ በየእርከኑ እግርን ማገናኘት

ማንኛውም ሰው፣ እጅግ ዘመናዊ ጉልበት ያለውም ቢሆን፣ በዚህ ይጀምራል። ደንቡ አጭር ነው፤ ሲወጡ ጤነኛው ይቀድማል፣ ሲወርዱ ሰው ሰራሹ ይቀድማል። ምክንያቱን ካወቁት አይረሱትም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሰውነትን የሚያነሳውና የሚያወርደው ሥራ ለጤነኛው ጉልበት እንዲቀር ነው።

ለመውጣት በአንድ እጅዎ የደረጃውን መደገፊያ፣ በሌላው ከዘራዎን ይያዙ። ክብደትዎን በሰው ሰራሹ እግር ላይ አድርገው ጤነኛውን እግር ወደ ላይኛው እርከን ያድርሱ፤ ደረትዎን በትንሹ ወደ ፊት አዘንብለው በጤነኛው እግር ተነሱና ሰው ሰራሹንና ከዘራውን አስከትሉ። እዚህ ላይ ዋናው አደጋ የጫማው አፍንጫ ከእርከኑ ከንፈር ስር መያዙ ነው። ስለዚህ ሰው ሰራሹን እግር ሲያስከትሉ ቀጥታ ወደ ፊት ከመጎተት ይልቅ በመጀመሪያ ወደ ላይ ያንሱት፤ ጉልበቱ ተቆልፎ የቆመ ከሆነ እግሩን ትንሽ ወደ ጎን ከፈት አድርገው ያሳልፉት።

ለመውረድ ከዘራውንና ሰው ሰራሹን እግር በቅድሚያ ወደ ታች ያውርዱ። ጫማው ሙሉ በሙሉ በእርከኑ ላይ አርፎ ጉልበቱ መዘርጋቱ ሲረጋገጥ፣ ጭንዎን በሶኬቱ ውስጥ ወደ ኋላ ተጭነው ጉልበቱን ቀጥ አድርገው ይያዙና ጤነኛውን እግር ያምጡ። የሚረዳዎ ሰው ካለ ሁልጊዜ ከእርስዎ በታች ባለው እርከን ይቁም፤ ሲወጡ ከኋላዎ፣ ሲወርዱ ከፊትዎ ማለት ነው። ክንድዎን ሳይሆን ወገብዎን ወይም ቀበቶዎን እንዲይዝ ይንገሩት፤ ክንድን የሚጎትት ረዳት ሚዛን ያሳጣል።

እየያዘ በሚታጠፍ ጉልበት እግርን እያፈራረቁ መውረድ

የሃይድሮሊክና የማይክሮፕሮሰሰር ጉልበት ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፤ ለመማርም ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው። አስቸጋሪነቱ ከጡንቻ ይልቅ ከእምነት ይመነጫል። ወደ ደረጃ ከመሄድዎ በፊት ከወንበር ፊት ለፊት ቆመው ክብደትዎን በሁለቱም እግሮች እኩል አካፍለው ቀስ ብለው ይቀመጡ። ሰው ሰራሹ ጉልበት ከስርዎ እየያዘ ሲወርድ ይሰማዎታል። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ሳያውቀው ወደ ጤነኛው እግር ያዘነብላል፤ እኩል መጫን እስኪለመድ ድረስ ይደጋግሙት። ከዚያ በኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጠንካራ መቆሚያ ላይ በሁለት ትይዩ መደገፊያዎች መካከል ሆነው፣ ፊዚዮቴራፒስትዎ አጠገብዎ እያለ፣ የሚከተለውን ይሞክሩ።

1. የሰው ሰራሹን እግር ጫማ በእርከኑ ጠርዝ ላይ ያድርጉት፤ ተረከዙና የጫማው ግማሽ ያህል በእርከኑ ላይ ይረፉ፣ የፊቱ ግማሽ ከጠርዙ ውጭ ይንጠልጠል። የአብዛኛው ሰው ሰራሽ እግር ቁርጭምጭሚት ስለማይታጠፍ ወደ ፊት የሚንከባለሉት በዚህ ጠርዝ ላይ ነው።

2. ክብደትዎን በሙሉ በሰው ሰራሹ እግር ላይ ያሳርፉ። ደረትዎን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ እጅዎ መደገፊያውን ይንካ እንጂ አይንጠልጠልበት።

3. ጭንዎን በትንሹ ወደ ፊት በመልቀቅ የጉልበቱን መታጠፍ ያስጀምሩ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የጉልበቱ ነው። እንደማንኛውም ፍሬን የሚይዘው ሲጫኑት ነው፤ ክብደትዎን ከላዩ ባነሱ ቁጥር የሚይዘው ነገር ያጣል።

4. ጉልበቱ እየታጠፈ ሳለ ጤነኛውን እግር ሳይቸኩሉ ወደ ታችኛው እርከን ያሳልፉ፤ ሲያርፍ በኃይል ሳይወድቅ ይረፍ።

5. ክብደትዎ በጤነኛው እግር ላይ ሲያርፍ የሰው ሰራሹን ጭን ወደ ፊት አንስተው ቅልጥሙ እስኪዘረጋ ይጠብቁ፤ ከዚያ ጫማውን እንደገና በቀጣዩ ጠርዝ ላይ በግማሹ ያሳርፉ።

የሚታዩት ስህተቶች ጥቂት ቢሆኑም ሁሉም ምልክት ይሰጣሉ። ጫማው ሙሉ በሙሉ በእርከኑ ላይ ካረፈ ቅልጥሙ ወደ ፊት መዞር ስለማይችል ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል፣ ሰውነትም ወደ ኋላ የተገፋ ያህል ይሰማዋል። ጫማው ከግማሽ በላይ ከወጣ ደግሞ ተረከዙ ከጠርዙ ይንሸራተታል። ጤነኛው እግር በየእርከኑ ድብ እያለ የሚያርፍ ከሆነ፣ ወይ እርስዎ ከሰው ሰራሹ ላይ ቶሎ እየዘለሉ ነው ወይም ፍሬኑ ላልቷል። ጉልበቱ እንዲታጠፍ መግፋት ካስፈለገዎት ፍሬኑ ጠብቋል ማለት ነው። ሁለቱም በባለሙያው የሚስተካከሉ ናቸው፤ ስለዚህ በልምምዱ ጊዜ የተሰማዎትን በቃልዎ ሳይሆን ጽፈው ይውሰዱለት። «ደረጃ ያስቸግረኛል» ከማለት «ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርስ በፍጥነት ይወርዳል» የሚለው ቃል ባለሙያውን ወደ ትክክለኛው መፍቻ ይመራዋል።

ከትንሹ መቆሚያ ወደ አንድ እውነተኛ እርከን፣ ከአንዱ ወደ ሦስት እየጨመሩ ይሂዱ። የተለመደው የደረጃ እርከን ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው፣ በ10 ሴንቲ ሜትር የተመቸዎት ሁሉ እዚያ ላይ እንደገና አዲስ መስሎ ይሰማዎታል።

እግርን እያፈራረቁ ስለ መውጣት

ይህን አጭር አደርገዋለሁ፤ በእኔ እምነት ከመውረዱ ያነሰ ዋጋ አለውና። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኦቶ ቦክ ጄኒየም ሞተር ሳይኖረው እያፈራረቁ ለመውጣት የሚያስችል አሠራር አለው፤ ተራማጁ ጭኑን በአጭሩ ወደ ኋላ ሰድዶ በፍጥነት ወደ ፊት ሲያነሳ ቅልጥሙ በራሱ ግፊት ወደ ኋላ ታጥፎ ይቀራል፣ ጫማው በላይኛው እርከን ላይ ሙሉ በሙሉ ያርፋል፣ ጉልበቱም ከዚያ በላይ እንዳይታጠፍ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ደረትን ወደ ፊት አዘንብሎ በመቀመጫ ጡንቻና በመደገፊያው እገዛ መነሳት የሰውየው ሥራ ነው። ፓወር ኒን በመሰለ ሞተር ያለው ጉልበት ደግሞ ጫማው ሙሉ በሙሉ አርፎ ክብደት ሲጫንበት ሞተሩ ጉልበቱን ይዘረጋል፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰው ግን በሞተሩ ሊገፋ ስለሚችል ደረቱን ከእግሩ በላይ ማድረግ አለበት። ይህን መልመድ ያልቻለ ሰው የጎደለው ነገር እንዳለ ሊቆጥር አይገባም፤ በየእርከኑ እግርን እያገናኙ መውጣት ፈጽሞ ትክክለኛ አካሄድ ነው።

ቁልቁለት

በቁልቁለት ላይ የሚሆነውን በዓይነ ሕሊናዎ ይሳሉት። ቁርጭምጭሚቱ የማይታጠፍ እግር ጫማው በተዳፋቱ ላይ ጠፍ ብሎ ሲያርፍ፣ ተዳፋቱ ያዘነበለውን ያህል ቅልጥሙም ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ጉልበቱም ከክብደት መስመር ፊት ይወጣል። ለተሽከርካሪ ወንበር በሚሠራ መወጣጫ፣ ማለትም በ12 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ከፍ በሚለው ላይ፣ ዝንባሌው ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህች ትንሽ ማዕዘን ግን የሚከዳን ጉልበት ለማስከዳት ትበቃለች።

ጉልበትዎ ከሚከዱት ወገን ከሆነ እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ የሰው ሰራሹን እግር እርምጃ ደግሞ ከሁሉ ያሳጥሩ። ተረከዙ መሬት ከመንካቱ ቀደም ብለው ጭንዎን በሶኬቱ ውስጥ ወደ ኋላ ይግፉ፤ ተረከዙ ካረፈ በኋላ መግፋት የዘገየ ነው። ቁልቁለቱ ከበረታ ፊትዎን ወደ ጎን አዙረው፣ ሰው ሰራሹ እግር በታችኛው በኩል ሆኖ እየቀደመ፣ ጤነኛው ከላይ እየተከተለ በጎን ይውረዱ። መንገዱ ሰፊ ከሆነ እየተጠማዘዙ መውረድም ዝንባሌውን ይቀንሰዋል።

እየያዘ የሚታጠፍ ጉልበት ያለው ሰው ከዚህ ተቃራኒውን መማር አለበት። ጭኑን ወደ ኋላ መግፋቱን ትቶ፣ ክብደቱን በተረከዙ ላይ አሳርፎ ጉልበቱ ቀስ ብሎ እንዲታጠፍ ይፍቀድለት። ለዓመታት የሚከዳ ጉልበት የተጠቀመ ሰው ወደዚህ ዓይነት ሲሸጋገር የቀድሞ ልማዱ ይፈታተነዋል፤ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ይዞ እንደ ቀድሞው በአጭር እርምጃ ይወርድና አዲሱ ጉልበት ምንም አልጠቀመኝም ይላል። እንዲህ ላለው ሰው ረጅምና ለስላሳ ተዳፋት ከደረጃ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለቱ እርምጃዎች እኩል ርዝመት ሲኖራቸው ጉልበቱን ማመን እንደጀመረ ይታወቃል። በጣም ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ ሊሞቅ ስለሚችል በየመካከሉ ያርፉ።

ዳገትና ወደ ጎን ያዘነበለ መንገድ

ዳገት ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ጫማው በተዳፋቱ ላይ ሲያርፍ ቅልጥሙ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ጉልበቱ አይከዳም፤ ነገር ግን ሰውነትን በላዩ ማሳለፍ ይከብዳል። በዚያ ላይ መሬቱ ወደ እግር ስለሚቀርብ የጫማው አፍንጫ ይደናቀፋል። መፍትሔው ጤነኛውን እግር ረዘም አድርጎ መራመድ፣ ሰው ሰራሹን ደግሞ ከጤነኛው ብዙም ሳያሳልፉ ማሳረፍ ነው። ወደ ፊት የሚያዘነብሉት ከዳሌ እንጂ ጀርባን በማጉበጥ አይሁን። ዳገቱ ሲበረታ እንደ ቁልቁለቱ በጎን ይውጡ፤ አሁን ግን ጤነኛው እግር በላይኛው በኩል ሆኖ ይቀድማል። ጥቂት ዲግሪ የሚታጠፍ የሃይድሮሊክ ቁርጭምጭሚት ያለው ሰው በዳገትም በቁልቁለትም ይህ ግፊት ይቀልለታል፤ ስለዚህ ተዳፋት በበዛበት አካባቢ የሚኖር ሰው ስለ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ቁርጭምጭሚቱም ባለሙያውን ቢያማክር መልካም ነው።

ብዙዎች የማያስቡት ወደ ጎን ያዘነበለ መንገድ ነው። ሰው ሰራሹ እግር በከፍታው በኩል ሲውል የረዘመ ያህል ስለሚሆን ይደናቀፋል፤ በዝቅታው በኩል ሲውል ግን በቀላሉ ያልፋል። መንገዱን መምረጥ ከቻሉ ሰው ሰራሹ በዝቅታው በኩል የሚውልበትን ጎን ይያዙ።

በልምምዱ ጊዜና ከልምምዱ በኋላ

ባትሪ የሚጠቀም ጉልበት ያለው ሰው ረጅም ደረጃ ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን መጠን ይመልከት፣ ባትሪው ሲያልቅ ጉልበቱ ጠብቆ እንደሚቀር ወይስ እንደሚለቅ ከባለሙያው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መልሱ በጉልበቱ ሞዴል ይለያያል። ዕቃ ሲይዙ በእጅ ሳይሆን በጀርባ ይሸከሙ፣ አንድ እጅ ምንጊዜም ለመደገፊያው ይትረፍ። ጀርባ ላይ የተጫነው ብዙ ኪሎ ከሆነ ፍሬኑ በእርስዎ ክብደት ብቻ ስለተስተካከለ ከወትሮው ፈጥኖ ሊወርድ እንደሚችል ያስቡ።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ሶኬቱን አውልቀው የጭንዎን ቆዳ በመስተዋት ይመልከቱ። ደረጃና ተዳፋት ጭኑን በሶኬቱ የፊትና የኋላ ግድግዳ ላይ ከሜዳው የበለጠ ስለሚጫኑት መቅላት ይጠበቃል፤ ቅላቱ ከ20 ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ፣ ወይም ቆዳው ከተላጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ፣ እግሩን ሳያደርጉ ያርፉና ሶኬቱን ለባለሙያው ያሳዩ።